በሰው ድምፅ የቀናሁበት ዓመት

ክለባችን ወደ ላይኛው ሊግ ያደገ ዕለት የጭነት አይሱዙ ላይ ቆሜ ከበሮ ስመታ የሸዋሮቢት ሰው ሁሉ አይቶኛል። መኪናው ከወንዙ ድልድይ እስከ መናኸሪያው ድረስ እንደ ኤሊ ሲያዘግም፣ ባጃጆች ከኋላ ጥሩምባቸውን ሲያስጮኹ፣ ሽንኩርት ጫኞች ጆንያቸውን ጥለው ሲከተሉን፣ እኔ አወጣ ነበር፤ ሕዝቡ ይቀበል ነበር።

«ቆላ ያበቀለው፣ ፀሐይ ያበሰለው፣
ይሄን የኛን ቡድን ማነው የሚችለው!»

ዜማው ከሠርግ የተወሰደ ነው። ግጥሙ የእኔ ነው፣ ግጥም ካላችሁት። ድምፄ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ባለቤቴ «ጠጠር የጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ» ትለዋለች። ሜዳ ላይ ግን ያ ድምፅ ይሠራ ነበር። ያን ዕለት መስጊዱ በር ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው መረቁን። አንዲት ሴት ከሆቴል ሰገነት ላይ ፈንድሻ በተነችብን፤ ግማሹ ፀጉሬ ውስጥ ቀረ። ሰው ወደ እኔ እያሳየ ለልጁ «ያ ነው ከበሮ መቺው» ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቀን አላየሁም።

መተዳደሪያዬ ጎሚስታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከስታዲየሙ አጥር ፊት ለፊት፣ ጎማ እጠግናለሁ። ሥራው እንደ መንገዱ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከባድ መኪኖች ይሰለፉብኛል፤ መንገዱ ሲዘጋ ኮምፕረሰሩን አጥፍቼ በር ላይ እቀመጣለሁ። በተዘጋባቸው ዓመታት ቀኑን የገፋሁት በኳስ ወሬ ነው ብል አልዋሸሁም። ኳስ በሌለበት ሳምንት የከበሮውን ጠፍር አጠብቃለሁ፣ ቆዳውን ቅቤ እቀባለሁ፣ ፀሐይ ላይ አወጣለሁ። ከበሮውን በገዛ ገንዘቤ ያሠራሁት ስለሆነ ሌላ ሰው አያነሳውም ነበር።

ስለዚህ ወደ ላይኛው ሊግ ስናድግ፣ እኔም ያደግሁ መስሎኝ ነበር።

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀመር ክለቡ ከአዲስ አበባ አሰልጣኝ አመጣ። ከደቡብም ከምሥራቅም ተጫዋቾች ተቀጠሩ። ኳስ ብለው ደሞዝ የሚበሉ ሰዎች እኛ ከተማ ሲኖሩ ጉድ ነበር፤ ልምምድ ጨርሰው በአስፋልቱ ሲያልፉ ሰው ከሱቁ ወጥቶ ያያቸዋል። ዘጠኝ ቁጥራችን ረዥም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሙቀቱን አልቻለውም። አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ የጎማ ቀዳዳ በምፈትሽበት የውኃ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ነክሮ ወጣ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው እንዴት ይሮጣል?» አለኝ።

«ትለምደዋለህ» አልኩት። አልለመደውም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳችን አቻ ወጣን። ሁለተኛውን ከሜዳችን ውጭ ተሸነፍን። ሦስተኛው እንደገና በሜዳችን ነበር፤ የእኔም ነገር የተበላሸው በዚያ ቀን ነው።

ሜዳችን ሣር የሚባል ነገር የለውም፤ ነፋስ ሲነሳ ኳሱ ራሱ ይጠፋል። ደጋፊው የሚቀመጠው በአጥሩ በኩል ባሉት የሲሚንቶ ደረጃዎች ላይ ነው። ከእረፍት በፊት ሁለት ገባብን፤ እንደተመለስን ሦስተኛው ተጨመረ። ከበሮዬን መታሁ፣ «ቆላ ያበቀለው!» አልኩ፤ የሚቀበለኝ ጠፋ። ደገምኩ። ጥቂት ልጆች አጉረመረሙና ተዉት። ሦስት ለባዶ እየተመሩ «ማነው የሚችለው» ማለት በራስ ላይ ማላገጥ ነው፤ ሕዝቡ ገብቶታል፣ ያልገባው ለእኔ ነው።

እንደዚያ ዝም ብለን ሳለን፣ ከኋላዬ፣ ከላይኛው ደረጃ፣ አንድ ድምፅ ተነሳ። አልጮኸም። ሰው ብቻውን ሲሄድ እንደሚያንጎራጉር ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው።

«በጋው ቢያጎድለው ወንዙ ጠፍቶ አይቀርም፣
ብትረታም ብትረታም ልቤ አይቀየርም።»

ዞር ብዬ አየሁት። መናኸሪያው አጠገብ በጋሪ ማንጎና ፓፓያ የሚሸጥ ሰው ነው። ልጁ እለዋለሁ እንጂ የልጅ አባት ነው። አገሩ አሊዩ አምባ ነው፤ በመውሊድ መንዙማ ሲል ሰምተውታል ብለው በኋላ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ግን ማንም አያውቀውም ነበር። ዓይኑን ወደ ሜዳው ተክሎ፣ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር የሚያዜመው። በሁለተኛው ዙር በዙሪያው ያሉት ተቀበሉት። በሦስተኛው ደረጃው ሁሉ ተቀበለው። በአራተኛው የእኔ እጅ፣ ሳላዘው፣ ዜማውን ተከትሎ ከበሮውን ይመታ ጀመር።

አጠገቤ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ተቀምጦ ነበር። ክንዴን ያዘኝ።

«ሰማኸው? የመጀመሪያው ‘ብትረታ’ ይላላል፣ ሁለተኛው ይጠብቃል። ብታሸንፍም፣ ብትሸነፍም ማለቱ ነው። በአንድ ቃል!»

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

አልሰማሁም ነበር። እሱ ከነገረኝ በኋላ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጎማ ስነቅል ይላላል፣ ጎማ ስገጥም ይጠብቃል። እኔ ስንት ዓመት ከበሮ ተሸክሜ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም።

ያን ሳምንት የደጋፊዎች ማኅበር ሰብሳቢዋ አስጠሩኝ። አስፋልቱ ዳር ሆቴል ያላቸው ሴት ናቸው፤ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የደጋፊውን አውቶቡስ የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ሻይ አስቀረቡልኝና ገና ሳልቀምሰው ወደ ነገሩ ገቡ።

«ያ ማንጎ ሻጩ ልጅ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ድምፅ አለው፣ እትዬ።»

«ጥሩ ብቻ! እኔ ሳለቅስ ነው የዋልኩት። ስማ፣ ከእንግዲህ እሱ ያውጣ፣ አንተ ከበሮህን ምታ። ሁለታችሁ ስትሆኑ ያምራል።»

«እኔስ ላላወጣ ነው?»

«አንተማ ከበሮው አለህ።»

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ሆቴሉን ወጥቼ አስፋልቱን ስሻገር፣ ለሕፃን መጫወቻ ሰጥተው እንደሚያባብሉት ያባበሉኝ መሰለኝ። ‘አንተማ ከበሮው አለህ።’ ከሰው ሁሉ በፊት ሜዳ የምደርሰው እኔ፣ ስንወርድም ስንወጣም ያልቀረሁት እኔ፤ እሱ ግን በአንድ ከሰዓት መጥቶ ደረጃውን ወሰደው።

ቤቴም አልተረፈልኝም። በዚያው ሰሞን ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ጓሮ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች። ጀርባዋ ወደ እኔ ነው። ሰፌዱን እያወዛወዘች ዜማውን ታንጎራጉረዋለች፤ ‘ልቤ አይቀየርም’ የምትለውን ቃል ረዘም አድርጋ፣ ልክ እሱ እንደሚያደርጋት።

«ምንድነው የምታዜሚው?» አልኳት።

ደነገጠች። «እኔ? ምንም።»

«ሰምቼሻለሁ እኮ።»

«አይ፣ የሜዳው ዘፈን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይለው የለ? ደስ ሲል!»

«የኔንስ እንዲህ አንጎራጉረሽው ታውቂያለሽ?»

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። «ያንተንማ ማን ያንጎራጉረዋል? ያንተ የሚጮኽ ነው እንጂ የሚንጎራጎር ነው?»

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ራት ቀርቦልኝ እንጀራው እንደ ካርቶን ሆነብኝ። ለማን ይነገራል? ጎልማሳ ሰው በማንጎ ሻጭ ድምፅ ቀናሁ ብሎ ለማን ያወራል?

አዲስ ዘፈን ለማውጣት ወሰንኩ። ሥራ ፈት ባልኩ ቁጥር በጠመኔ የሱቄ ግድግዳ ላይ እየጻፍኩ እየደመሰስኩ ከረምኩ። ቀጣዩ ጨዋታ ደብረ ብርሃን ላይ ነበር፤ በአውቶቡስ የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ደረቴ እንደ ጎማ ንፋስ የተሞላ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የባለቤቱን ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ለቆላ ሰው ያ ብርድ ቀልድ አይደለም። ተጫዋቾቻችንም ሜዳ ሲገቡ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው ነበር።

ጨዋታው እንደተጀመረ ልጁን ቀድሜ ተነሳሁ።

«ኳሷም ክብ ናት፣ መረቡም ክብ ነው፣
ዛሬ የሚያገባው ዘጠኝ ቁጥራችን ነው!»

አንድ ሰው ከኋላ «መረቡ መቼ ክብ ሆነ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ዘጠኝ ቁጥር እኮ ተጎድቶ አልመጣም» አለ። ሳቁ ከኋላ ወደ ፊት እንደ ጎርፍ መጣ። የእኛ ደጋፊዎች ብቻ አይደሉም፣ የደብረ ብርሃን ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። እጄን ከከበሮው አንስቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ያልሳቀው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ስንመለስ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ግጥሙ አይከፋም» አለኝ። «ዜማውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢጀምሩት፣ በኋላ ከፍ ለማለት ቦታ ያገኛሉ። ሲጀምሩ ላይ ስለሚሆኑ ነው መሄጃ የሚያጡት።»

አንቱ እያለ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው የሚናገረው። ቢያሾፍብኝ ኖሮ እመልስለት ነበር። በጨዋነት ሲያስተካክለኝ ምን ልበለው? «እሺ» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ገደሉ ሥር ደመና ተኝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽንፈቱ ተከታተለ። ዘጠኝ ቁጥራችን ጉዳቱ ሳይሻለው ወደ አገሩ ተመለሰ። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ አምስት ተከላካይ ያሰልፋል፣ አንድ ጊዜ ሦስት፤ አንዱም አልሆነለትም። ረመዳን ሲገባ ጨዋታው በቀትር ፀሐይ ነበር። ልጁ እየጾመ ያዜማል። ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኖ አየሁት፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም የጠራ መሰለኝ። እኔ ከአጠገቡ የውኃ ፕላስቲኬን ከፍቼ ልጠጣ ስል እጄ ቆመ። ከጀርባዬ ደብቄው ዋልኩ። የምጠላበት ሰበብ ስፈልግ ነበር የከረምኩት፤ ምንም አላገኘሁበትም። ትዕቢት የለው፣ ሐሜት የለው፣ ጥቅም አልፈለገ። ‘አልሐምዱሊላህ’ ብሎ ወደ ጋሪው ይመለሳል። የሰው ጥሩነት ቅናትን እንዲህ እንደሚያባብሰው አላውቅም ነበር።

አሰልጣኙ የተሰናበተበት ሳምንት ሜዳው ላይ ቁጣ ነበር። አራት ገባብን። ሰው የውኃ ፕላስቲክ ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረ፤ ፖሊሶች አጥሩ ሥር ተሰለፉ። ልጁ ደረጃው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዘፈኑን ጀመረ። ወርዋሪዎቹ እንኳ ቀስ በቀስ ተቀበሉት። ጨዋታው ሲያልቅ አንዲት ጋዜጠኛ ስልኳን ይዛ ወደ እሱ ሄደች። እኔ ከጎኑ ከበሮዬን እንዳነገትኩ ቆሜያለሁ። ጥያቄ አልጠየቀችኝም። በማግሥቱ ፎቶው በደጋፊዎች ቴሌግራም ላይ ወጣ፤ እሱ መሐል ላይ ቆሟል፣ ከእኔ የታየው የከበሮው ጠርዝና ሁለት ጣቶቼ ናቸው።

ፎቶውን በስልኬ አስፍቼ አየሁት። አጥብቤ አየሁት። ከዚያ ከበሮውን ሱቅ ውስጥ ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ አስቀመጥኩና በቃኝ አልኩ።

በቀጣዩ የሜዳችን ጨዋታ ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ። ስታዲየሙ ፊት ለፊቴ ነው፤ የማላይ ብሆንም ሁሉንም እሰማለሁ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከኮምቦልቻ ሲመጣ የኋላ ጎማው ተንፍሶበት ቆመ። ጎማውን ስፈታ እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ወደ አጥሩ አቀና።

«ምንድነው፣ ሠርግ ነው?» አለኝ።

«ኳስ ነው።»

«የናንተ ቡድን? አሸነፉ ማለት ነው።»

ከሜዳው ሲወጣ ያየሁትን ሰው ጠየቅሁት፤ ሁለት ለባዶ እየተመራን ነበር።

«እየተሸነፉ ነው» አልኩት።

ሹፌሩ ሳቀ። «እየተሸነፉ ነው እንዲህ የሚዘፍኑት? ሲያሸንፉ እንዴት ሊሆኑ ነው?» ትንሽ አዳመጠና «ዜማው ግን ይገርማል» አለ። «ማነው የሚያወጣው?»

«አንድ ማንጎ ሻጭ ነው» አልኩና ብሎኑን ከሚገባው በላይ አጠበቅሁት።

ያለ እኔ ዘፈኑ አምሮ ነበር። ያንን መደበቅ አልችልም። ትንሽ ፈጠን ይላል እንጂ አምሮ ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ልጁ ጋሪውን እየገፋ ሱቄ በር ላይ ቆመ። አንድ ፓፓያ አንስቶ ኮምፕረሰሩ ላይ አስቀመጠ።

«አሞዎት ነው ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። ሥራ ይዞኝ ነው።»

ዞር ብሎ አየ፤ ከእኔና ከአንድ የተነቀለ ጎማ በቀር ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ያለ ከበሮው ሕዝቡ ይሮጥብኛል» አለኝ። «እኔ እዚህ ስሆን እነሱ እዚያ ደርሰዋል። የሚይዝልኝ ሰው የለም። እርስዎ ሲመቱ እኮ እኔ ትንፋሼን የት እንደምወስድ አውቃለሁ።»

«ሌላ ሰው ይምታው።»

«ሞክረናል። ሁለት ልጆች በጄሪካን ሞከሩ። አልሆነም።»

«አያለሁ» አልኩት። «ሥራው ከቀለለልኝ።»

ጋሪውን እየገፋ ሲርቅ ደስ አለኝ። ይፈልገኛል! ያን ቀን ሙሉ ‘የሚይዝልኝ ሰው የለም’ ያለውን እየደጋገምኩ ፈገግ ስል ዋልኩ። ያም ሆኖ ለቀጣዩ ጨዋታ አልሄድኩም። ትንሽ ይፈልገኝ፣ ትንሽ ይቸገር ብዬ ነው። የሊጉ መሪ ነበር የሚመጣብን፤ ስድስት እንደሚያገቡብን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ምን ያመልጠኛል?

አሸነፍን። ሁለት ለአንድ። በመጨረሻው ደቂቃ።

ጩኸቱን ከሱቄ ሆኜ ሰማሁ። የጎል ጩኸት መሆኑን አውቄ የማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ አስፋልቱ ስወጣ፣ ሰው ከስታዲየሙ እንደ ጎርፍ ወጣ። ልጁን ትከሻቸው ላይ አድርገውታል። እሱ «አውርዱኝ፣ በአላህ አውርዱኝ» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ሰብሳቢዋ እትዬ ነጠላቸውን እያውለበለቡ ሲያልፉ አዩኝ።

«የት ነበርክ አንተ?» አሉኝ፤ መልሴን አልጠበቁም።

የዓመቱ ብቸኛ ታላቅ ቀን እኔ ጎማ ሳሽከረክር አለፈ። በዚያ ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ በቅጡ መናገር አልችልም። በክለቡ ደስ ብሎኛል፤ በዚያው ቅጽበት ያ ሁሉ ደስታ እሱን ተሸክሞ እየሄደ ነው። ባለቤቴ ያን ማታ ፊቴን አይታ «ተሸነፍን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለመጨረሻው ጨዋታ ከበሮውን ከጎማዎቹ ኋላ አወጣሁት። ካሸነፍን እንተርፋለን፣ ካላሸነፍን እንወርዳለን። ቂም ይዤ የምቀርበት ቀን አልነበረም። ቆዳው ደርቆ ስለነበር ጠዋት ሙሉ ስቀባው ስወጥረው ቆየሁ። ሜዳ ስደርስ ግን የልጁ ቦታ ባዶ ነው። እናቱ ታመው ወደ አሊዩ አምባ መሄዱን ነገሩኝ።

እንግዲህ ደረጃው ሁሉ የእኔ ሆነ። የተመኘሁት ይኸው ነበር። «ቆላ ያበቀለው!» ብዬ ስጀምር ሕዝቡ እንደ ድሮው ተቀበለኝ፤ ከእረፍት በፊት አንድ ስናገባማ ደረጃው ተንቀጠቀጠ። ተመልሼ አይሱዙው ላይ የወጣሁ መሰለኝ። ከእረፍት መልስ ግን ልጆቹ ደከሙ። ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ኳሱን ወደ ውጭ ብቻ ይመቱት ጀመር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከማዕዘን የተመታ ኳስ የአምበላችንን ትከሻ ነክቶ የገዛ መረባችን ውስጥ ገባ። አንድ ለአንድ። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ አምበሉ ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ወረድን።

ማንም ከቦታው አልተነሳም። ማንም አልተሳደበም። ከዚያ አንዲት ሴት ከታች «የልጁን አውጣልን!» ብላ ጮኸች። ሌሎችም ቀጠሉ። «የልጁን! የልጁን!»

ከበሮውን ይዤ ቆምኩ። ወደ ባዶው ቦታ አየሁ። አላወጣም ብል ማንም አያስገድደኝም። ግን አምበሉ ቁጭ እንዳለ ነው፤ ያን ሰው ‘ማነው የሚችለው’ ብለህ አታነሳውም።

ዝቅ አድርጌ ጀመርኩት፤ እሱ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለኝ። ጠጠር እንደጫነ መኪና ነው የወጣው። የሚላላውን አጠበቅሁት፣ የሚጠብቀውን አላላሁት፤ አስተማሪው ሰምቶኝ ከሆነ አዝኖብኛል። ‘ልቤ’ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ሕዝቡ ግን ከአፌ ተቀበለኝና ይዞት ሄደ፤ እኔም ከዚያ በኋላ መምታት ብቻ ነበረብኝ። ሦስት አራት ዙር እንዳልን አምበሉ ተነስቶ ወደ እኛ ቀረበና እጁን አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንዳንዶቹን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ክለቡ ሲወርድ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። እትዬም አውቶቡሱን በሚኒባስ ለወጡት። ልጁን ደግሞ በሰሜን በኩል ያለ የአንድ ትልቅ ከተማ ክለብ ደጋፊዎች መጥተው ወሰዱት፤ ተጫዋች እንደሚገዛ ማለት ነው። እዚያ ሱቅ ከፈቱለት፣ ቤት ፈለጉለት። ሊሰናበተኝ ሲመጣ እናቱ እንደተሻላቸው ነገረኝ። «ይቅናህ» አልኩት። «አሚን ጋሼ» አለኝ። ከሄደ በኋላ እፎይ እላለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር።

አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ሳለን በስልኬ ቪዲዮ መጣልን። ትልቅ ስታዲየም፣ እውነተኛ ሣር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ። ልጁ መሐል ላይ ቆሞ ያወጣል። ዘፈኑ የእኛው ነው።

«እነሱ ምን ወንዝ አላቸው?» አልኩ።

«አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ።

«የሮቢት ወንዝ እኮ ነው! የኛ ነው! ልጁም የኛ ነው!»

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና አየችኝ። በእሱ ስቀና ከርሜ አሁን ስለ እሱ መቅናት ጀመርኩ። ይኼኛው ይብሳል። በእሱ ስቀና ቢያንስ አጠገቤ ነበር።

በሳምንቱ ደወለልኝ። ስለ እናቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ማንጎ ዋጋ አወራን። እያወራን ሳለን ሳላስበው አመለጠኝ፤

«ከበሮ መቺው እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ነው ጋሼ።»

«ይይዝልሃል?»

«ይይዝልኛል። እጁ ለስላሳ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ለማላውቀው ሰው እጅ ስናደድ ዋልኩ። የማን አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም። መልኩን አላየሁም። ግን ቢመጣና ጎማው ሱቄ በር ላይ ቢተነፍስበት እንዴት እንደማስተናግደው እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ታችኛው ሊግ ነን። ባለፈው እሑድ አጣዬ ተጫወትን። ሚኒባሱ ውስጥ አሥር ሰው አንሞላም ነበር። የሜዳው ዳር በአዲስ ቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ይንኳኳል። የአንድ ሰው ተኩል ድምፅ ነበረን፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ግማሹ እትዬ ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። አንድ ለባዶ አሸነፍን። ጎሏን ያገባው የከተማችን ልጅ ነው፤ ለክለቡ ሲጫወት የመጀመሪያው ነው። ስንመለስ ከእኛው ጋር ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ከበሮውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ተው» አልኩት። «ጠዋት ነው ቅቤ የቀባሁት፤ ቆዳው ገና አልደረቀም።»